ለሕያው የወጣ ቃሬዛ

ዘመነች ስድስት ሳምንት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣች መርፌ ስትቀቅል ከረመች። ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ዋጋነሽ ስኳር በሽታ ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ የግራ እግራቸው ቁስል አልድን ብሎ መራመድ ትተዋል። በዚህ ላይ ጡታቸው ውስጥ ነቀርሳ ተገኘ። ሐኪሙ «ስኳሩ ሳይወርድ ቢላ አላሳርፍባቸውም» ስላለ፣ ዘመነች መርፌ መውጋት ቁስላቸውን ከሚያጥበው ድሬሰር ተማረች። መርፌውን ከመውጋት ይልቅ ጠያቂውን መከላከል ባሰባት። የኮልፌ ሰው ሕመምተኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዱ ማር፣ አንዱ ስኳር ይዞ ይገባል።

«ስኳር ለያዘው ሰው ስኳር! ለምን መርዝ አታመጡልንም?» ብላ ስትጮህ፣

«ባለጌ አትሁኚ፣ ተቀበያቸው» ይላሉ እትዬ ዋጋነሽ፣ ዓይናቸውን ከማሩ ሳይነቅሉ።

በመጨረሻ ስኳሩ ወረደ። ሐኪሙም ቀጠረ፤ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ያ ተራ ካለፈ የሚቀጥለው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ነቀርሳው ደግሞ መስቀልን አይጠብቅም።

ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ታክሲ ከአስፋልቱ ወዲህ አይገባም፣ ከአስፋልቱ እስከ ቤታቸው ደግሞ ሽቅብ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ዘመነች የእድሩ ሊቀመንበር አቶ በየነ ዘንድ ሄደች።

«ቃሬዛውንና አራት ሰው ለነገ ጠዋት ይስጡን።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እንዳይሞቱ ነው።»

አቶ በየነ አማተቡ። «የሬሳ ቃሬዛ ላይ ሕያው ሰው? ሟርት ነው ልጄ። ደንቡም አይፈቅድም። እድር ለሞተ ነው።»

«እሺ፣ ሲሞቱ ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ። ዛሬ ግን አራት ትከሻ ጠፋ?»

«ደንብ ደንብ ነው» አሉና በሩን ዘጉባት።

ዘመነች ስለ አክስቷ እየተብሰለሰለች ጭቃውን እየረገጠች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሃያ ዓመት በየለቅሶው ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ሴትዮ! ድሃ በቁሙ ሸክም ነው፤ ሲሞት ግን ሁሉም ይሸከመዋል።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ የጋሽ ይመርን በር አንኳኳች። እንባዋ ይወርዳል፤ የንዴት እንባ ነው። ውሸቱን ግን ፊት ለፊት ተናገረችው፤ «እትዬ ዋጋነሽ አረፉ።»

ጥሩምባው መንደሩን ቀሰቀሰ። ቀብር የቀረ ይቀጣልና ወንዱ ሁሉ ቃሬዛውን ይዞ ግር ብሎ መጣ። በሩን ሲገፉ እትዬ ዋጋነሽ ታጥበው፣ ነጭ ሻሽ አስረው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ።

አንዱ ወደ ኋላ ሲፈረጥጥ ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ። አቶ በየነ ደማቸው ፈላ። «ይህ እድሩን መስደብ ነው! እናንተ፣ ቃሬዛውን መልሱ!»

«በየነ» አሉ እትዬ ዋጋነሽ፣ «አንድ ጊዜ ልትሸከሙኝ ግዴታ አለባችሁ አይደል? ዛሬ ተሸከሙኝና የሞትኩ ቀን በእግሬ እሄዳለሁ።»

ገሜዳ የሚባለው ጎረምሳ አናጢ በሳቅ ፈረሰ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፤ «ኑ እንጂ! ይኸው ከሬሳ ይቀላሉ» አለ። ሦስት ሰዎች ተከተሉት። አቶ በየነ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀሩ።

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሱ። ጡቱ ተቆረጠ፤ እትዬ ዋጋነሽም ነቁ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ እድሩ ዘመነችን በጉባኤ አቆማት። «ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ ስማችሁ ይሰረዛል» አሏት አቶ በየነ።

ዘመነች ዙሪያውን አየች። ገሜዳ አንገቱን ደፍቷል። ሌላው ሁሉ ድንጋዩን እንድታነሣ ይጠብቃል።

«ሰርዙን» አለች። «እኔ የአክስቴ ቁስል ማጠቢያ ሰዓት ደርሶብኛል።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።