የተውኳት ቁጥር

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ለጋዜጣ ሥራ መካነ ሰላም በሄድኩ ጊዜ ነው። ጥፋቱ የራሴ ስለነበር አልረሳሁትም።

ስለ ክትባት ልጠይቅ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ድሬሰሩ ተሰማ ቀኝ እጁ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ደህና ነው። ይህችን ከመዝገቡ ወደ ወረቀቱ ይገልብጡልኝ» አለኝ።

ሼህ ይማም የሚባሉ የቁርኣን መምህር ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሚላኩበት ወረቀት ነው። ጉልበታቸው አብጦ መራመድ አቅቷቸዋል። በሽታ የሚጻፈው በቁጥር ነበር። በሌሎቹ በሽተኞች ስም ፊት ያየሁት አንድ አንድ ቁጥር ሲሆን በሳቸው ፊት ሁለት አለ። ሁለተኛው በስህተት የገባ መሰለኝ። ትርፍ መቁረጥ የሥራ ልማዴ ነውና ሳልጠይቅ ተውኩት። በር ላይ ሰልፍ ስለነበር ተሰማ ሳያነብ ማኅተም መታበት። ሼሁም በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

ሰልፉ ሲያልቅ፣ አንዱን ቁጥር እንዳስተካከልኩለት ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አደረጉኝ ጋሼ! አንዱ የጉልበቱ፣ አንዱ የምክንያቱ ነው እኮ! የሳንባ ነቀርሳ ነው ወደ ጉልበታቸው የገባው። ደሴ በቁጥሩ ነው የሚለዩት፤ ቅባት ሰጥተው ይመልሷቸዋል። ቤታቸው የሚያድሩት ደረሶች፣ ተማሪዎቻቸውስ፣ ቢጋባባቸው?»

ሁለቱንም ቁጥሮች በአዲስ ወረቀት ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በተውሶ በቅሎ ተከተልኩ።

«ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ አላያችሁም?» እላለሁ። ከገበያ የሚመለሰው ግማሹ ሰው ጥምጥም አስሯል። ጭጋጉ እየወረደ ነው። መንገዱ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ወርጄ የበቅሎ ኮቴ እፈልጋለሁ።

ያገኘኋቸው ከመንገዱ ዳር አሱር ሲሰግዱ ነው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ እግራቸውን ዘርግተው፣ ተቀምጠው። እስኪጨርሱ ቆሜ ሳላቸውን አዳመጥኩ። ከዚያ አዲሷን ወረቀት ሰጥቼ ጥፋቴን ነገርኳቸው።

«ለዚች ለአንዲት ቁጥር ነው በቅሎይቱን በላብ ያጠመቅካት?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ የተውኳት እኔ ነኝ።»

«አብሽር ልጄ፣ ደርሰህብኝ የለ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

መዳናቸውን የነገረኝ የለም፤ ስለዚህ ድነዋል ብዬ አልጽፍም። ዛሬም ሽማግሌ ሲያስል ስሰማ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ያን ጊዜ የምይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሮጌዋን ወረቀት ቀደው አዲሷን ከኪታባቸው ገጾች መሃል ሲያስገቡ በዓይኔ አይቻለሁ።