የሽማግሌው ዲፕራተር

ባለፈው ሰሞን መኪናዬን እዚህ ጎሬ ጋራዥ ወስጄ ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተና ከሞተሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት የሚመስለውን የአየር ማጣሪያ መዞ አወጣ። ከጎማው ጋር አንዴ መታ ሲያደርገው አቧራው ቡን አለ። «ዲፕራተሩ አልቆለታል እህቴ፣ በአዲስ እንቀይረው» አለኝና የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ወረወረው። በርሜሉ ውስጥ ከማረፉ በፊት እኔ ጎሬ አልነበርኩም። ያ የአቧራና የሞተር ዘይት ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ጋምቤላ፣ ማንጎው ሥር፣ እግሬን ሞቃት አሸዋ ውስጥ ቀብሬ ተቀምጬ ነበር።

አባቴ ሾፌር ነበር። የሚነዳው አረንጓዴ አሮጌ ላንድሮቨር ከእሱና ከእናቴ ትዳር ዕድሜ ስለሚበልጥ ቤታችን ውስጥ ስሙ «ሽማግሌው» ነው። አባቴ መሪ ሲጨብጥ ያፏጫል። ለሥራ ከሚሄድባት ከአቦቦ በሚመለስበት ቀን መጀመሪያ ፉጨቱ፣ ከዚያ በኋላ የሞተሩ ድምፅ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር፤ ይህ ሊሆን እንደማይችል ዛሬ ማንም ቢነግረኝ አላምነውም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ሲያስተኛ፣ እኔና የጎረቤታችን የእማማ አጁሉ ልጅ አሪየት ማንጎው ሥር ገበጣ እንጫወታለን። ጠጠራችን አጥራችን ላይ ከሚሳበው ሐረግ ፍሬ የሚወጣ ጠፍጣፋ ጥቁር ዘር ነበር። ፍሬው ዱባ ቢጤ ሆኖ ረዘም ያለ ነው፤ ሲደርቅ ልጡ ይረግፍና ውስጡ የተጠላለፈ መረብ ብቻ ይቀራል። ጋምቤላ በገባን ሰሞን ሐረጉን የተከለችልን እማማ አጁሉ ናት። «በዚህ ገላ ታሻለሽ፣ ሙቀት ይሄዳል» ብላ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ገላዋን በእሱ ማሸት ለመደች፤ ሙቀቱ ግን አልሄደላትም።

እናቴ ጋምቤላን አልወደደችውም፣ አለመውደዷንም ደብቃ አታውቅም። ትንኙ ያበሳጫታል፣ ቅቤዋ በጠራራው ፀሐይ ውሃ ይሆንባታል። «ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ» ትላለች እያራገበች። ወንዝ የምትለው ጎሬ፣ የእናቷ ቤት ሥር የሚወርደውን ቀዝቃዛ ጅረት ነው። ባሮንማ ከነስፋቱ ወንዝ ብላ አትቆጥረውም፤ «የተጣደ ውሃ» ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ከጎሬ በአንቀልባ የመጣሁ ስለሆንኩ ከባሮ ሌላ ወንዝ አላውቅም፤ እሷ ጎሬን ስታወድስ ባሮን የሰደበችብኝ እየመሰለኝ አኮርፋት ነበር።

ክልል ከሆንን ወዲህ ከተማው እንደ አዲስ ተማሪ ሽር ጉድ ይል ጀመር። አዳዲስ ቢሮ ተከፈተ፣ አዳዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ። አባቴ መሥሪያ ቤትም ነጫጭ መኪኖች ከነሾፌሮቻቸው ደረሱ። ሽማግሌው ክፉ ጊዜ መርጦ በዚያው በጋ ሰማያዊ ጭስ ያጨስ ጀመር። አንድ ዓርብ አባቴ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ሰኞ አንድ የንብረት ኃላፊ አብሮት እስከ አቦቦ ይሄዳል፤ መኪናው ሳያጨስ ደርሶ ከተመለሰ ይቀጥላል፣ ካጨሰ ግን ይቆማል፣ አባቴም ወደ ጎሬ ይዛወራል።

እናቴ «እግዜር ያውቃል» ብቻ አለች። በማግስቱ ጠዋት ግን ጆንያዎቹን አውጥታ በረንዳው ላይ የተቀደደውን መስፋት፣ ዕቃ መክተት ጀመረች። እየሰፋች ታንጎራጉራለች። ያን ዕለት እናቴን ጠላኋት፤ ሌላ ቃል የለኝም።

አባቴ የመኪናውን በሽታ አላጣውም። ሽማግሌው አየር የሚስበው ዲፕራተር በሚሉት በአንድ ክብ ቆርቆሮ በኩል ነበር፤ ከሥሩ ዘይት ይቀመጥበታል፣ ከላዩ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ መረብ አለው። አቧራው ዘይቱና መረቡ ላይ ይቀራል፣ ንጹሑ አየር ወደ ሞተሩ ያልፋል። «አፍንጫው ነው» ይለኝ ነበር። ያ መረብ በዕድሜ ብዛት ዝጎ ተፈረካክሷል። የሚይዘው ያጣ ዘይት ከአየሩ ጋር ሞተር ውስጥ እየገባ ይቃጠላል፤ ጭሱ እሱ ነው። መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ልኮ ነበር፤ ሰውየው «ይሄ ዛሬ የት ይገኛል ብለው ሳቁብኝ» ብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ቆርቆሮውን ፈትቶ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። በነጭ ጋዝ አጠበው፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ጥቁር ቀለም ቀባው፣ አየር እንዳያሾልክ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጦ አፉን ከፈፈው። ቆርቆሮው አዲስ ሙሽራ መሰለ፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው። ቃጫ ጠቀጠቀበት። ሞተሩ ሲነሳ ቃጫው በዘይት ረጥቦ እንደ ሊጥ ተጋገረና ሽማግሌው ታፍኖ ጠፋ። የዓሣ መረብ ቁራጭ አጣጥፎ ሞከረ፤ ዘይቱ ዘልቆት ያ ሰማያዊ ጭስ ተመለሰ። ከዚያ ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ውስጡን ያይ ጀመር። ፉጨቱን ከትናንት ጀምሮ አልሰማሁትም ነበር። ግቢው የሌላ ሰው ግቢ ሆነብኝ።

«ትሄዳላችሁ?» አለችኝ አሪየት። ገበጣውን በእግሬ አፈረስኩት።

በረንዳው ላይ እናቴ ማንጎራጎሯን አቆመች። ቀና ብዬ ሳያት የጆንያውን መርፌ ይዛ አባቴን እያየችው ነው። ብዙ አየችው። ፀሐዩ በማንጎው ቅጠል መሃል እየሾለከ ትከሻው ላይ ይወዛወዛል፤ እሱ አላያትም። ከዚያ ተነሳችና ወደ አጥሩ ሄዳ ደረቅ ደረቁን ፍሬ በቀሚሷ እቅፍ ቀጥፋ መጣች። ልጡን አራገፈች፣ በቁመቱ ሰነጠቀችው፤ ጥቁሩ ዘር አሸዋው ላይ ሲረግፍ እኔና አሪየት ከልማድ የተነሳ መልቀም ጀመርን።

«ገላዬን ልታሺኝ ነው እንዴ?» አለ አባቴ።

«አንተንማ ይሄ ሁሉ የተጣደ ውሃም አያነጻህም። ቆርቆሮውን አምጣው» አለችው።

ስፋቱን በስንዝሯ ለካች። ሌላ ክር ስላልነበረ፣ ግማሽ የሰፋችውን ጆንያ ክሩን መዛ ተረተረችው። በዚያው ክር፣ በዚያው መርፌ፣ መረቡን በመረብ ላይ እየደራረበች ክብ አድርጋ ሰፋችው። አባቴ ተቀብሎ ዘይት ውስጥ ነከረው፣ አንጠፈጠፈው፣ ቆርቆሮው ውስጥ አስገባው። ልክክ አለ። ሞተሩን ሲያስነሳው ሽማግሌው ሳል ሳል አለና ጭሱን ለቀቀ። ከዚያ ጭሱ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። የቀረው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ትንፋሽ ይመስል ነበር። አባቴ እናቴን ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፣ እጁ ዘይት መሆኑን አይታ በጆንያው መታችው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን እኔና አሪየት ወደ አቦቦ መውጫው ሮጥን። ተቀመጥን። ሜዳው በሙቀቱ ይንቀጠቀጣል፣ ዛፎቹ ውሃ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሩቅ ቀይ አቧራ ተነሳ። ዓይናችንን አፍጥጠን ሰማያዊ ነገር ፈለግንበት፤ ቀይ ብቻ ነበር። ከአቧራው ፊት ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ፊት ደግሞ፣ እምላለሁ፣ ፉጨቱ መጣ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጆንያዎቹን ፈትታ ድስቶቿን ወደ ቦታቸው እየመለሰች ነበር። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። የደስታ እንባ መሰለኝ፤ ልጅ ነበርኩ፣ እኔ ደስ ካለኝ ሁሉም ሰው ደስ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጎሬ የምኖረው እኔ ነኝ። ሥራ ወደዚህ አመጣኝ፣ ትዳርም እዚሁ አስቀረኝ። እናቴ የናፈቀችው ጉም በየጠዋቱ በመስኮቴ ይገባል፤ እኔ በጉሙ ውስጥ ሆኜ ያንን አሸዋ እናፍቃለሁ። ዕቃ ሲያልቅለት ወርውሮ መቀየርም ለምጃለሁ። ሽማግሌው ቆሟል፣ አባቴም አርፏል፣ መቃብሩም ጋምቤላ ነው።

ከጋራዡ በተመለስኩ ሰሞን እናቴን ልጠይቃት ጋምቤላ ወረድኩ። አብራኝ እንድትኖር ልለምናት አስቤ ነበር። ከዚያ በፊት ግን የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ ያን ያህል መሄድ እየፈለግሽ ለምን ሰፋሽለት አልኳት። ለአጥሩ ሐረግ ውሃ እያጠጣች ነበር። «አባትሽ ጎሬ ሳለን አንድ ቀን አፏጭቶ አያውቅም» አለችኝ።

«አሁንስ እማዬ፣ ነይ እንሂድ፤ የእናትሽ ቤት እኮ እንዳለ ነው፣ ጅረቱም አለ» አልኳት።

ወደ ባሮ በኩል አየት አደረገች። «ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ» አለችና ወደ ሐረጓ ተመለሰች።