ኃይሉ ለወፍጮ አይበቃም

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ይህን ሳስበው ራሴን መቆንጠጥ ያምረኛል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል እንደሚባለው፣ ያኔ እኔ ከሚልሱት ወገን ነበርኩ። መብራት ጠፋ ማለት ወፍጮው ቆመ ማለት ነው፤ ወፍጮው ከቆመ እምዬ እህሏን ተራ አስይዛ እስኪመሽ እዚያው ትቀመጣለች፤ እሷ ከተቀመጠች ደግሞ አያ ቸኮል ተረት ያወራሉ፣ እኔም ጉያዋ ውስጥ ገብቼ እሰማለሁ።

የምንኖረው ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ በዋናው መንገድ ላይ ባለችው በአማኑኤል ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ለብቻው የቆመ የቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ አያ ቸኮል ዘበኛው ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ አሮጌ ካፖርታቸው በዱቄት ብናኝ የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች መሰላቸት ሲጀምሩ፣ በግድግዳው ጥግ የበቆሎ ቆረቆንዳ ያቀጣጥሉና ፋኖሳቸውን ከበሩ አጠገብ ሰቅለው «ተረት ተረት» ይላሉ። «የላም በረት» እንላለን ልጆቹ፤ ከልጆቹም በላይ ጮኸው የሚመልሱት እናቶቹ ነበሩ።

ሴቶቹ ያሾፉባቸዋል። «ስምዎ ቸኮል፣ ሥራዎ ሰው ማዘግየት» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት፣ እሷን ጠይቋት» ብለው ይቀጥላሉ። ጦጣን ሲያወሩ ጦጣ ናቸው፤ ጅብን ሲያወሩ ድምፃቸው ከሆዳቸው ይወጣና እኔ የእምዬን ነጠላ እይዛለሁ። ፍሙ ፊታቸውን ከሥር ሲያበራው፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠን፣ ከውጭ የባሕር ዛፉ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው፣ ያኔ ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ሲጨርሱ፣ አንዷ ሴት «ዳቦውማ ገና ጆንያ ውስጥ ነው» ትላለች፣ ሁላችንም እንስቃለን። ያን ሳቅ አሁን ሳስታውሰው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ተረቶቻቸው በሙሉ አንድ መጨረሻ ነበራቸው። የታገሠ ያገኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ኤሊ ሁልጊዜ ታሸንፋለች።

መብራቱ እኮ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ አይቆይም ነበር። ከተቀመጥንበት ሆነን ከሩቅ የከተማዋ አምፖሎች ቦግ ሲሉ እናያለን። ሴቶቹ ጆንያቸውን ጎተት አድርገው ሊነሱ ሲሉ ግን ባለ ወፍጮው እጁን ኪሱ ከቶ ይወጣል። «የመጣው ኃይል ለአምፖል እንጂ ለወፍጮ አይበቃም። ሞተሬን ያቃጥልብኛል። የቸኮለ በናፍጣ ያስፈጭ» ይላል። በናፍጣው ሞተር ማስፈጨት ዋጋው እጥፍ ነበር። ናፍጣውን እሱ በኮታ፣ በተተመነለት ዋጋ ነበር የሚያገኘው፤ እኛን ግን በጥቁር ገበያው ዋጋ ያስከፍለናል። ለምን ሲባል «ናፍጣ ተወደደ» ነው መልሱ። ከመካከላችን ስለ ሞተር የሚያውቅ ማን ነበር? አቅም ያለው ይከፍላል። የሌለው ተመልሶ ይቀመጣል፣ አያ ቸኮልም ፍሙን ቆስቁሰው ሌላ ተረት ይጀምራሉ።

ታናሽ አክስቴ ጥሩነሽ የበኩር ልጇን የወለደችው እንዲህ ባለ ሳምንት ነው። ያ ልጅ ዛሬ ደምበጫ ባጃጅ ይነዳል፤ ይነዳል ከተባለ ነው እንጂ፣ አብዛኛውን ቀን ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ባጃጁ ውስጥ ይተኛል። ጥሩነሽ በሰላም ተገላገለች፣ እልል ተባለ፣ ጎረቤቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል መጣ። ቤታችን ውስጥ ግን ለገንፎ የሚሆን አንድ ጭብጥ ዱቄት አልነበረም። አራስ ገንፎ ሳትበላ፣ ጠያቂዎቿም ከገንፎዋ ሳይቀምሱ የሚሄዱበት ቤት በእኛ አገር ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዳንበደር የጎረቤቱ ሁሉ እህል እንደኛው ወፍጮ ቤት ተሰልፏል። የድንጋይ ወፍጯችንንም የኤሌክትሪኩ ከመጣ ወዲህ ደጃፍ አውጥተን መቀመጫ አድርገነዋል፤ መጁ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

እምዬ የተቆላ ገብስ በጀርባዋ አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ሄደች። አመሻሹ ላይ ነበር፤ የከተማዋ መብራት መጥቷል፣ ወፍጮው ግን ቆሟል። ባለ ወፍጮው በር ላይ ቆሞ ነበርና ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

«ጌታው፣ አራስ አለችብኝ። ይችን ብቻ ይፍጩልኝ።»

«በናፍጣ ነዋ።»

«የናፍጣውን አልያዝኩም።»

«ናፍጣ ተወዷል፣ እኔ ምን ላድርግ? የመጣው ሁሉ አራስ አለችብኝ ነው የሚለኝ» አለና ወደ ውስጥ ገባ።

እምዬ መጥታ ከእሳቱ ዳር ተቀመጠች፣ ገብሱንም ከጀርባዋ ሳታወርድ። አያ ቸኮል ተረት ሊጀምሩ ነበር።

«የማን አራስ ናት?» አሏት ቀስ ብለው።

«የእኅቴ፣ የጥሩነሽ። ከወለደች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፣ አያ ቸኮል።»

ልጆቹ «ተረት! ተረት!» ብለን ስናስቸግራቸው ጀመሩት። ደጋግሜ የሰማሁት ተረት ነበር። አገሩ ሁሉ በድርቅ ተመታና አንዲት ምንጭ ብቻ ቀረች፤ ምንጯን እንዲጠብቅ አያ ጅቦ ተሾመ። አራዊቱ በየቀኑ እየመጡ ውኃው መጣ ወይ ብለው ይጠይቁታል፣ እሱም ገና ነው፣ እየጠራ ነው፣ ታገሡ ይላቸዋል። ሌላው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ኤሊ ብቻ ታግሣ ትቀራለች፣ በመጨረሻም ከሁሉ ቀድማ ትጠጣለች። ተረቱ ይኸው ነው።

ያን ምሽት ግን ከመጨረሻው አልደረሱም። ዝሆን ጠየቀ አሉ፣ ሚዳቋ ጠየቀች አሉ፣ ኤሊም መጥታ «ውኃው መጣ ወይ?» አለች አሉና እዚያው ላይ ቆሙ። የጅቡን መልስ የረሱ መስሎኝ ላስታውሳቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው እኔን እያዩ አልነበረም። እምዬ ጀርባ ላይ ያለውን ስልቻ ነበር የሚያዩት።

«ኃይሉ ለወፍጮ ይበቃል» አሉ። «ሌሊቱን የጌታው ስንዴ ሲፈጭበት ነው ያደረ።»

መጀመሪያ የተረቱ ክፍል መስሎኝ ነበር። ሴቶቹ ግን አንድ በአንድ ተነሱ። የሚያወራ አልነበረም። ባለ ወፍጮው ድምፅ መጥፋቱ ገርሞት መሰለኝ ብቅ አለ፤ አንዷ ሴት የሰማችውን ደግማ ነገረችው።

«ምን አልክ አንተ ሽማግሌ?» አላቸው። በልጃቸው ዕድሜ የሚሆን ሰው፣ «አንተ» አላቸው።

«የሆነውን ነው ያልኩት» አሉ አያ ቸኮል። እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

እምዬ በሁለቱ መካከል አልፋ ገባችና ወፍጮውን ለሚያንቀሳቅሰው ጎልማሳ «አስነሳው» አለችው። ጎልማሳው ጌታውን አየ። ጌታው ከበሩ የቆሙትን ሴቶች አየ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ቀላል ነው፤ ጎልማሳው ማብሪያውን ወደ ላይ አደረገው፣ ወፍጮውም ጉምም ብሎ ተነሳ። ሞተሩም አልተቃጠለም። «የአራስ ይቅደም» አሉ ሴቶቹ፣ የእምዬ ገብስ ከሁሉ በፊት ተፈጨ።

በመንገድ ላይ ትኩሱን ዱቄት አዝላ ስትራመድ፣ ደስ ያላት መስሎኝ «አያ ቸኮል ጎበዝ ናቸው አይደል?» አልኳት።

«እስከ ዛሬስ?» አለች።

ያኔ አልገባኝም። ገንፎው ተገነፋ፣ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ ፈሰሰ፣ ጥሩነሽ በላች፣ ጠያቂዎቿም በሉ፣ እኔም ድስቱን ጠርጌ ተኛሁ። የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ፣ የራሴን ቤት ማስተዳደር ስጀምር ነው። እነዚያ ሁሉ ምሽቶች፣ እነዚያ ሁሉ ተረቶች! ጉያዋ ውስጥ ሆኜ ስለ ኤሊ ትዕግሥት ስሰማ፣ ከጀርባችን ያለው ሞተር ጤነኛ ነበር። እኛ ታግሠን የምንጠብቀው ነገር ቀድሞ መጥቶ ነበር። ያጫወቱን፣ ያሳቁን፣ እሳት ያሞቁን ሰው ይህን ያውቁ ነበር፤ ደመወዛቸውና ማደሪያቸው ያ ቆርቆሮ ቤት ስለሆነም ዝም ብለዋል።

በማግስቱ ተባረሩ። ይህ አይገርምም። የሚያናድደኝ ሌላው ነው። በሩ ላይ እንደዚያ የቆሙት ሴቶች፣ እምዬም ጭምር፣ በሳምንቱ ተመልሰን እዚያው ተሰለፍን፤ ሌላ ወፍጮ የት አለ? ባለ ወፍጮው ለኤሌክትሪኩም ዋጋ ጨመረ። «ኪሳራዬን ላካክስ» አለ፣ ምን እንደከሰረ ማንም ሳይጠይቀው። በአያ ቸኮል ቦታ የተቀመጠው ዘበኛ ተረት አያውቅም ነበር፤ ልጆቹ ቅር አለን፣ ሌላው ነገር ሁሉ ግን እንደነበረ ቀጠለ። እውነቱ በመነገሩ እንጀራቸውን ያጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዲማ ገጠር ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ። እምዬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኘች ቁጥር ዱቄት ትልክላቸው ነበር፤ በአንድ ወገን እየተቆጣቻቸው፣ በሌላ ወገን እየላከች። አድጌ ምክንያቱን ስጠይቃት «ስለ ተረታቸው አይደለም፤ ስለዚያች አንዲት ቃል ነው» አለችኝ። አርፈዋል አሁን፣ ነፍስ ይማር።

እኔ ዛሬ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ፣ ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ግቢው አንድ ቆጣሪ ነው ያለው፤ አከራይዋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከልክላናለች፣ ሂሳቡ ጨመረ ብላ፤ በተከለከልነው ምድጃ ፈንታ ግን የቤት ኪራዩ አልቀነሰም። ከሰል የሚሸጠው ሰው ማዳበሪያው ከዓመት ዓመት ሲያንስ ዋጋው ያድጋል፤ ለምን ስለው ነዳጅ ተወደደ ይለኛል፣ ከሰሉ ግን በአህያ ነው የሚመጣው። ዳቦ ቤቱ ዳቦውን አሳንሶ መብራት የለም ይላል፤ ከኋላው አምፖሉ ይበራል። ከደምበጫ የመጣ ድንች ላይ ዶላር ጨምሮ ነው ይሉኛል። እውነት የሆነ እጥረት የለም አልልም፤ አለ፣ ከባድም ነው፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ማደያው ባዶ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን በእውነተኛው እጥረት ጥላ ሥር ስንቱ ሌሊቱን የራሱን ስንዴ ይፈጫል? በየስብሰባው ደግሞ አንድ አፈ ቅቤ ይነሳና ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው ይለናል። አዳራሹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔ እጄን አነሳና «ለመሆኑ እጥረቱን ያየው ማን ነው? ማን አጣራው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነገረኛ ናት ይሉኛል። ባልደረቦቼ አጠገቤ መቀመጥ እየተዉ ነው።

ልጆቼ ተረት ይወዳሉ፣ በእኔ ወጥተዋል። የአያ ቸኮልን ተረቶች ሁሉ፣ ከነድምፃቸው፣ ከነጅባቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ተረት አዋቂ ዳግመኛ አላገኘሁምና እንዲጠፋ አልፈልግም። የምነግራቸው ግን መብራት ሲኖር ነው። መብራት ሲጠፋና ወደኔ ተጠግተው «ተረት ንገሪን» ሲሉኝ እምቢ እላቸዋለሁ። በጨለማው ውስጥ ለምን እንደጠፋ የማውቀውን ያህል እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀውንም አላውቅም እላቸዋለሁ። ከዚያ ትልቋን ውጭ ወጥታ የማን ቤት እንደሚበራ እንድታይ እልካታለሁ።