በላስቲክ የተጠቀለለው ማስታወቂያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ አንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ጫፉ የታጠፈ ብረትና ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ ነበር። ጨርቁ የውኃ ቆጣሪውን መስታወት ለመጥረግ ነው። ብረቱ የቆጣሪውን ጉድጓድ ክዳን ለማንሳት ነው፤ ጊንጥ ስለማይታጣ እጅ አይገባም። እርሳሱ ደግሞ በዝናብ ስለማይለቅ ነው። መዝገቡን ያሠለጠነኝ አንጋፋ ቆጣሪ አንባቢ በሁለት እጁ አድርጎ ሰጠኝና፣ "ያልተፈረመበት ነገር አልተሰጠም። ሰው ይክዳል፣ መዝገብ አይክድም" አለኝ።

ይህን ቃል ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይዤው ኖርኩ። ለብዙ ነገር ጠቅሞኛል። የጎዳኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ቢሆን የጎዳው እኔን አይደለም።

የሠራሁባትን ከተማ ስም አልጽፍም። አሁን የምኖረው ሶዶ ነው፤ ከተማዋ ግን ከዚያው ከወላይታ ናት። ቦዲቲ ናት፣ አረካ ናት፣ ተበላ ናት እያላችሁ አትድከሙ፤ ከሦስቱ አንዷም አይደለችም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከተማዋ በስሜ ብትታማ ደስ አይለኝም።

ከቆጣሪ አንባቢነት ተነስቼ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ ከዚያም የደንበኞች መረጃ ኃላፊ ሆንኩ። ኃላፊ ቢባልም ከበታቼ አንድ ሰው አልነበረም። ውኃ የሚቋረጥበትን ቀን፣ የፈረቃ ለውጥንና የመሳሰለውን በወረቀት እያዘጋጀሁ፣ ማኅተም እያስመታሁ፣ ቤት ለቤት ዞሬ እያስፈረምኩ አድላለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አፌን የፈታሁት በወላይትኛ ነው። እናቴ አማርኛ ሳትሰማ ነው የሞተችው። መዝገቡን በብብቴ ከያዝኩ በኋላ ግን ወላይትኛ ከአፌ አይወጣም ነበር። በአማርኛ ስናገር ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፣ ወንበር ይስብልኛል። እኔም እሱን ወድጄው ነበር።

በመዝገቤ ላይ ቆጣሪ ያለው ሁሉ ደንበኛ ይባላል። ቤቱ መስመር ያልገባለት ሰው ከቦኖ በጀሪካን ይቀዳል። ቦኖ ስንት መንደር ቢያጠጣም በመዝገቡ ላይ አንድ ደንበኛ ነው፤ አንድ ቁጥር አለው፣ በጠባቂዋ ስም አንድ መስመር ተይዞለታል። ከገበያው በታች ያለው ቦኖ የተመዘገበው በወይዘሮ ዘነበች ስም ነበር። ሰፈሩ የምሕረት እናት ይላታል። ማንበብ አትችልም፤ በመዝገቤ ላይ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነው።

ኮሌራ ወደ ከተማችን ከመግባቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ስለ ፓምፕ ጥገና አንድ ማስታወቂያ ሰጥቻት ነበር። እሷም ከቦኖዋ ጎጆ ሳንቃ ላይ በሚስማር መታችው። ዝናብ ወርዶበት ማኅተሙ ፈሰሰ። እኔ በማግሥቱ ስመጣ አየሁትና በወረፈኛው ሁሉ ፊት ተቆጣኋት። ማኅተም ያለበት የመንግሥት ወረቀት እንደዚህ ሜዳ ላይ አይጣልም አልኳት። እሷም፣ "አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ" ብላ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲያ የምሰጣትን ወረቀት ሁሉ አጣጥፋ፣ ከአጠገቧ ካለው ከሸምሱ ሱቅ በለመነችው የስኳር ላስቲክ ጠቅልላ፣ ከጎጆዋ ጣሪያ ሥር ትሸጉጠው ጀመር። ሸምሱ አባቱ ከስልጤ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ይዞ የተቀመጠ ቀልደኛ ነጋዴ ነው። "የምሕረት እናት ባንክ ከፍታለች" እያለ ይስቅባት ነበር። እኔ ግን እንዲህ ነው ወረቀት አያያዝ ብዬ አመሰገንኳት።

ኮሌራ ወደ ዞናችን የገባ ጊዜ ጤና ጣቢያው ከየመስመሩ ናሙና ወሰደ። ከገበያው በታች የሚሄደው ቧንቧ ከቦይ ጋር በሚተላለፍበት ቦታ ተሰንጥቆ ቆሻሻ እየሳበ መሆኑ ታወቀ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሴ ሰበሰበን። መስመሩን ብንዘጋው ሕዝቡ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙ የባሰ ነው። ስለዚህ ክሎሪኑ እንዲጨመር፣ ቧንቧው እስኪቀየር ድረስም ሰው ውኃውን አፍልቶ ብቻ እንዲጠጣ ይነገረው ተባለ።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ጉዳዩ፦" ብዬ ጀመርኩ፤ የደብዳቤ ቁጥር ጠቀስኩ፣ የመመሪያ አንቀጽ ጠቀስኩ። ሳይፈላ አትጠጡ የሚለው ነገር ከታች፣ ማኅተሙ አጠገብ፣ በአራት መስመር ተቀመጠ። አቶ ደምሴ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ በሞንታርቦ አይነገር፣ እስከ ማታ ድረስ የታችኛው መስመር ደንበኛ ሁሉ ፈርሞ ይቀበል አለ። አልተከራከርኩም። እውነቱን ለመናገር ሥራው በእኔ መዝገብ በኩል በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ቦኖው ጋ ስደርስ የጀሪካኑ ሰልፍ እስከ ሸምሱ ሱቅ ደርሷል። የምሕረት እናት አንድ እጇን ቧንቧው ላይ እንዳደረገች ሌላውን ዘረጋችልኝ። አውራ ጣቷን ይዤ ቀለም አስነካሁና መዝገቡ ላይ አሳረፍኩት። በወላይትኛ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ።

"የቢሮ ማስታወቂያ ነው። በጥንቃቄ አስቀምጪው" አልኳት፣ በአማርኛ።

እሺ አለችኝ። ገና ብዙ ቤት ይቀረኝ ስለነበር ሄድኩ። ማታ መዝገቡን ለአቶ ደምሴ ሳሳየው ከታችኛው መስመር ያልፈረመ ደንበኛ አልነበረም።

ቀናት አለፉ። በጤና ጣቢያው ግቢ ድንኳን ተተከለ። ከሁሉም ሰፈር ሰው መጣ፤ በኋላ ግን የሚመጣው ከገበያው በታች ብቻ ሆነ። የምሕረት እናት ልጅ፣ ምሕረት ራሷ፣ ገብታ ከረመችና ዳነች። አባ ሳና የሚባሉ ጎረቤቷ ግን አልዳኑም። አባ ሳና ማለዳ ማለዳ ፀሐይ ሊሞቁ ከቦኖው አጠገብ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቧንቧው ሲከፈት የመጀመሪያውን ዋንጫ የምትሰጣቸው የምሕረት እናት ነበረች።

የቦኖው ተጠቃሚ አልተነገረውም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሳና ስብሰባ ተጠራ። የጤና ሰዎች፣ የቀበሌ ሰዎች፣ አቶ ደምሴና እኔ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። የምሕረት እናት በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ናት። አቶ ደምሴ መዝገቡን ገልጦ አሻራዋን አሳየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አስረድተሃታል?" አለኝ።

"ፈርማለች" አልኩ።

ይኸው ነው። ውሸት አልተናገርኩም። ከዚያ ቃል በኋላ ግን የተዋሸው ሁሉ የእኔ ነው።

ከቀበሌው ሰዎች አንዱ፣ ታዲያ ወረቀቱን ምን አደረግሽው አላት። እሷ የተከሰሰችው ወረቀት በማጥፋት መሰላት። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፣ የስኳሩን ላስቲክ አወጣች፣ ከላስቲኩ ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እጥፋቱ ካልሆነ በቀር አንድ ነገር አልነካውም። ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ወረቀት አለ። አልጠፋም። ጋሼ እንደሰጠኝ ነው ያለው" አለች።

ከዚያም አየችኝ። እንድመሰክርላት ነበር። መቆጣቴንም፣ ማመስገኔንም፣ አስቀምጪው ማለቴንም እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እርሳሴን እያገላበጥኩ ጠረጴዛውን አየሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ አፌን መክፈት ግን አቃተኝ።

ቦኖው ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሰፈሩም እያወቀች አጠጣችን ተባለ። ከወረፋ የማይጠፉ ጎረቤቶቿ ደጇን አልፈው መሄድ ጀመሩ።

በስብሰባው ማግሥት አቶ ደምሴን መኪናና ሞንታርቦ ለመንኩት፤ ሳያንገራግር ሰጠኝ። በየቦኖው እየቆምኩ በእናቴ ቋንቋ ተናገርኩ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። የተደናገጠ ሰው አላየሁም፤ ሴቶቹ ለስንት ደቂቃ ይፍላ ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ሄዱ። መኪናውን ስመልስ ሸምሱ ከሱቁ ደጃፍ ጠራኝ። ለሱቁ ቆጣሪ ወረቀቱ ደርሶት ነበር።

"እኔ አነበብኩና ለልጆቼ አፈላሁ። እሷ ላስቲክ ስትለምነኝም ምን እንደምትጠቀልል አላየሁም። እኔስ አልጠየቅኩም፤ አንተ ግን ሥራህ ነበር" አለኝ። የዚያን ቀን አልቀለደም።

ቧንቧው ተቀየረ፣ በሽታውም ቆመ። በዓመቱ መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ለመረጃ አያያዜ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ማኅተም አለው። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ሚስቴ እንስቀለው ብትለኝ እምቢ አልኳት፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ ስንት ጊዜ እንደነቀዘ እኔ አውቃለሁ።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ ከሶዶ ተሳፍሬ ሄድኩ። የምሕረት እናት ገበያ ዳር ስኳር ድንች ዘርግታ አገኘኋት። ከመዝገብ ጋር ስላልነበርኩ ነው መሰለኝ ወዲያው አልለየችኝም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ በወላይትኛ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያልኩትንም፣ ሳልል የቀረሁትንም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱ ቤት እንዳለ ነግራ ምሕረትን ላከቻት። ያው ላስቲክ መጣ።

"አንብብልኝ" አለችኝ።

ቁጥሩንና አንቀጹን ትቼ አራቱን መስመር በወላይትኛ አነበብኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ እንደገና አጠፈችው።

"ይህን ብትለኝ ኖሮ ያንን ዋንጫ አልሰጣቸውም ነበር" አለች። ወረቀቱን ወደ ላስቲኩ መልሳ ደግሞ፣ "ለእኔ መንገርህ ምን ያደርግልኛል? ለእድሩ ንገር" አለችኝ።

የእድሩ ስብሰባ እሑድ ከጸሎት በኋላ ነበር። የአባ ሳና ልጆች ከፊት ተቀምጠዋል። ቆሜ ተናገርኩ። ማንም ወንበር አልሳበልኝም። ስጨርስ ከልጆቹ ታላቅየው ተነስቶ ወጣ። አንዳንዱ አመነኝ፣ አንዳንዱ ምን ከፍላው ነው አለ። ስወጣ አንዲት ሴት የምሕረት እናትን ጤናዋን ስትጠይቃት አየሁ። ከዚያ በላይ የመለስኩላት ነገር የለም፤ ቦኖውም የሌላ ሰው ነው፣ አባ ሳናም አይመለሱም።

ማስታወቂያ ለምታደርሱ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ከማስፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ የሚለውን በተቀባዩ ቋንቋ ንገሩት፣ ከዚያ እሱ መልሶ ይንገራችሁ። እነዚያን አራት መስመሮች ቤቴ ተቀምጬ ጮክ ብዬ በቃሌ እያልኩ በሰዓት ለክቻቸዋለሁ። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ አይፈጁም።