ተራዬን አትብሉ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታላቅ እኅቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባትና ባሏ ከአሰላ አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመራት። ፈረንጁ ሐኪም ለባልየው ነገረው፤ ባልየው ለወንድማችን፣ ወንድማችን ለሚስቱ። የወንድማችን ሚስት ካወቀችው ደግሞ የሳጉሬ ገበያ አወቀው ማለት ነው። እኅቴ ከመኪና ስትወርድ ነቀርሳ እንዳለባት ያልሰማች እሷ ብቻ ነበረች።

«እንዳትነግሯት፣ ተስፋዋ ይቆረጣል» ተባለ። የሰው ተስፋ ጠባቂው መብዛቱ! እየመጡ ፊቷ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ምን ሆናችሁ ስትላቸው «ጭሱ ነው» ይላሉ፤ እሳት ባልነደደበት ቤት። አንዷ ጠበል ታዛለች፣ አንዷ ሁሩታ ስላለ መድኃኒተኛ ታወራለች። ጨው ስንበደራት ፊቷን የምታጠቁር ጎረቤት እንኳ ቅቤ ይዛ መጣች።

እኔ አልቻልሁም። በሽታው የእሷ፣ ወሬው የእኛ፤ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ነገርኋት።

«ለዚህ ነዋ ቅቤው» አለች። ቀጥላም «ጥቅምት የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው። ገብሱን ለብቅል ዘፍዝፊልኝ» አለችኝ።

ማኅበራችን የሴቶች ነው። በየወሩ በተራ ይደገሳል፤ የደገሰችው ጽዋውን ለቀጣይዋ ባለተራ ታስረክባለች። በመስከረሙ ድግስ ጽዋው እኅቴን አልፎ ከጎኗ ላለችው ተሰጠ።

«አንቺ እንኳ ዘንድሮ ይለፍሽ እኅቴ» አለች ሰብሳቢያችን፣ ድምጿን እንደ አልቃሽ አለስልሳ።

«ምን ሆንሁ ብዬ?»

«ኧረ ምንም! ምንም አልሆንሽም!»

«ምንም ካልሆንሁ ተራዬን አምጡ። ነቀርሳውንም ቢሆን ሰምቻለሁ። ስሞት ተዝካሬን ትበላላችሁ፤ ተራዬን ግን አትበሉም!»

ጽዋውን ከሴትዮዋ እጅ ወስዳ ነጠላዋ ሥር አስገባችው።

ጥቅምት ደገሰች። እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ እያዘዘች ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ። «ውኃ ጨምሪ፣ ሰው ይበዛል» እያለች አቀጠነችው። ማኅበርተኞቹ ሲወጡ አጥሩ ጋ ሰማኋቸው፦

«ይሄ ጠላ ነው የእግር እጣቢ? ድሮም እጇ ሰሳች ነው።»

ሮጬ ገብቼ ነገርኋት። ቅቤ ከመጣላት ጊዜ ወዲህ አንድም ሰው አምቷት አያውቅም ነበር። ፊቷ በራ።

«ማናት እሷ? አምና የእሷ ጠላ ጭስ ጭስ ይል አልነበር? ቆይ! ለከርሞ ከሳጉሬ ጌሾ ግዢልኝ፤ ጉሮሯቸውን አንቆ የሚይዝ!»

ጌሾውን ገዛሁ። እሷ ሰኔ ላይ ዐረፈች፤ ጥቅምት ሲመጣ በተራዋ እኔ ደገስሁላት። ጠላው ወፍራም ነበር፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ሴቶቹ ቀምሰው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እሷማ ድሮም እጇ አይሰስትም ነበር፤ ነፍሷን ይማር።»

አጥሩ ጋ ሄጄ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አንዲት እንኳ የምታማት ጠፋች፤ በዱላ ላባርራቸው ቃጣኝ።