በደሜ ውስጥ የተገኘው ቁጥር አራት

ካቻምና ከኢድ በኋላ ነው። ነገሩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው መልሱን ሙሉ በሙሉ ስላላገኘሁት ይመስለኛል።

ጅዳ አራት ዓመት ሠርቼ ተመልሼ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነበር። እንደገና ለመሄድ የጤና ምርመራ ሳደርግ «አንፊት» ተባልኩ፤ አላለፍሽም ማለት ነው። ወረቀቱ ሄፓታይተስ ሲ ይላል። ገረመኝ። እኔ የጉበት በሽታ የማውቀው የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ እኔን ደግሞ ምንም አላመመኝም።

ወሬው ሰፈራችን ለመድረስ አልዘገየም። ከዐረብ አገር ይዛው መጣች ተባለ። እንዴት እንደያዘኝም የየራሳቸውን ግምት የሚያወሩ ነበሩ። ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ የነበረው ሰውም ስልኬን ማንሳት ተወ።

ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያን ሰሞን በሽታው ሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንዳለና ዓይነቱን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ደም ይሰበስቡ ስለነበር፣ የኔም እንዲላክ ተስማማሁ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ቫይረሱ ቁጥር አራት ነው አለኝ። አንድ፣ ሁለትና ሦስትስ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና፣ ልክ እንደ ከብት ዝርያ እንዳለው፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ እንደሚበዛ፣ በኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አራተኛው መሆኑን አስረዳኝ።

ደስ አለኝ። እንግዲያው ከጅዳ አላመጣሁትም አልኩት።

«እዚያም ይሄው ይበዛል። ቁጥሩ ብቻውን ከየት እንደያዘሽ አይነግረንም» አለኝ። ከዚያ በልጅነቴ መርፌ ተወግቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላስታውስም።

በነጋታው አምባሰል፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቴ መንደር ሄድኩ። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ስለ መርፌ ስጠይቃት ሥራዋን ሳታቋርጥ አወራችኝ። ሦስት ዓመት ሲሆነኝ መንደሩ ትኩሳት ገብቶበት፣ መርፌ ወጊ የሚሉት ሰው በየቤቱ እየዞረ ያክም ነበር። መርፌው አንድ ነው። ጠዋት በጣሳ ያፈላዋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ይውላል።

እኔንም ወግቶኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። እጇ ቆመ።

«ይዤ ያስወጋሁሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ከኔ ቀጥሎ ነው የተወጋሽው።»

ደሴ እንሂድና ተመርመሪ ስላት ምን ሆኜ ብላ እንቢ አለች። ሳምንት ለምኜ ወሰድኋት። በእሷም ደም ውስጥ ያው ቁጥር አራት ተገኘ፤ ጉበቷ ደግሞ መጎዳት ጀምሯል። ሐኪሙ ብንዘገይ ኖሮ ይከብድ ነበር አለን። የተላለፈብኝ በመርፌው ይሁን ስትወልደኝ ግን ማወቅ አይቻልም። ታናናሾቼ ተመረመሩ፤ ነፃ ናቸው።

እኔና እናቴ ሦስት ወር በየቀኑ ኪኒን ዋጥን። ጨርሰን ሐኪሙ ባለን ጊዜ ስንመረመር ቫይረሱ የለም። አልሐምዱሊላህ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን አምባሰል የወጣሁት ስሜን ላጠራ ነበር። እናቴን ላድን አስቤ አልነበረም። ይህ ትንሽ ያሳፍረኛል። ግን ዝም ብዬ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ እናቴ በሽታዋን ሳታውቅ ትቆይ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቤት ሳለሁ ጎረቤታችን እትዬ የሺ መጡ። ተቀመጡና ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ መርፌ ወጊ ሰውዬ ያርፍ የነበረው እኛ ቤት ነው። ቤተሰቡን በሙሉ ወግቷል። መቼ ትወስጂኛለሽ?»

ማክሰኞ እንሄዳለን። ምን ቁጥር እንደሚወጣ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ምንም እንዳይወጣ ደግሞ ዱዓ አደርጋለሁ።