እሁድ እመጣለሁ የሚለው ገጽ

ባልደረባዬን ቢሮ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁላችንም «ቶሎ ቶሎ» ነው የምንለው። ሌላው ሦስት ሳምንት የሚፈጅበትን አፕ እሱ በሦስት ቀን ያደርሰዋል። ምስጢሩ የእኔ ቴምፕሌት ነው። ከብሮውዘር ተከፍተው ስልክ ላይ እንደ አፕ የሚቀመጡ ድረ ገጾችን በሠራን ቁጥር ከባዶ እንዳንጀምር፣ መነሻ ኮዱን ጽፌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ይገለብጠዋል፣ ቀለሙንና ጽሑፉን ይቀይራል፣ አለቀ። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያልኩ ስተርበው ይስቃል። ነገረኛ መሆኔን ስለሚያውቅ አይመልስልኝም።

እናቱ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ በስልክ ማውራት አቃታቸው። ስለዚህ በዚያው ቴምፕሌት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አፕ ሠራላቸው፤ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ አንድ ገጽ ብቻ። እሱ ከቢሮ ይጽፋል፣ እሳቸው ያነባሉ። መጀመሪያ የጻፈው «እማዬ፣ እሁድ እመጣለሁ» የሚል ነበር። ሲያሳየኝ፣ «ጎሽ! ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ሆንክ» አልኩት።

እሁድ ሥራ መጣ። ገጹን «ይቅርታ እማዬ፣ አልመጣም» ብሎ ቀየረው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው። ሰባት እሁድ እንዲሁ አለፈ። እሱ ኮምፒውተር ላይ አዲሱ ጽሑፍ ስለሚታይ፣ እሳቸውም ያንኑ የሚያነቡ መሰለው።

በስምንተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ እናቱ አረፉ። ከቀብር ወደ ቤታቸው አብሬው ሄድኩ። ጎረቤታቸው የእናቱን ስልክ ከመሀረብ ፈትታ ሰጠችው።

«እሁድ እሁድ ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር» አለችው። «ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል ስላቸው፣ ‹ዛሬማ ይመጣል፣ ይኸው ጽፎልኛል› እያሉ ያሳዩኛል። እስኪመሽ ድረስ።»

ገጹን ከፈተው። «እማዬ፣ እሁድ እመጣለሁ» ይላል።

ወዲያው ገባኝ። ቴምፕሌቱ ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳይቸግር፣ ስልኩ ላይ መጀመሪያ የተቀመጠውን ገጽ ያሳያል። ኔትወርክ ሲኖር አዲሱን እንዲያመጣ የምታዘውን የኮድ መስመር ግን «በኋላ ይጨመር» ብዬ ትቻት ነበር። የደንበኛ ሥራ ሲሆን ከመውጣቱ በፊት የምጨምራት እኔ ነኝ። ይህኛው ግን ለእናቱ ነበርና በእኔ እጅ አላለፈም። እሱም ማስታወሻዬን አላነበበም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።»

ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞታል።

«ተዪው እህቴ» አለኝ። «በደንብ ቢሠራ ኖሮስ? እማዬ ሰባት ጊዜ ‹አልመጣም› የሚለውን ነበር የምታነበው።»

ወንበሩ ገና በር ላይ ነበር። ሄዶ ተቀመጠበት።